ወንዱን ልቡን፣ ሴቷን ማሕፀኗን

ልብ ያለ ምክንያት ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ እጅ እግር ይደነዝዛል፣ «አሁንስ ሞትኩ» ያሰኛል። ደቂቃዎች ሳያልፉ ጣራ ይነካና ይበርዳል። ፓኒክ የሚባለው ይህ ሕመም ሴቶችን ከወንዶች እጥፍ ያህል ያጠቃል። ለምን? ሲባል የኖረው መልስ የሚያሳፍር ነው።

በሂፖክራተስ ስም ከሚታወቁት የጥንት ግሪክ ጽሑፎች አንዳንዶቹ ማሕፀን ቦታውን ለቆ ወደ ላይ እየወጣ ሴቲቱን ያፍናታል ይላሉ። መድኃኒቱ? ማግባትና ማርገዝ! የኤፌሶኑ ሶራኑስ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ማሕፀን እንደ አውሬ አይዞርም ብሎ ቢሞግትም እምነቱ ከእርሱ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ።

አሜሪካዊው ሐኪም ጃኮብ ዳ ኮስታ በ1871 (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአገሩን የእርስ በርስ ጦርነት ወታደሮች ሕመም ጻፈ። ልባቸው ይመታል፣ ደረታቸውን ይወጋቸዋል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። የዳ ኮስታ ፍርድ፦ ልባቸው ተቆጥቷል። በዓመቱ በአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት ሮበርት ባቲ የተባለ ሐኪም ከወር አበባ ጋር የተያያዘ ስቃይና የነርቭ መታወክ አለባቸው የተባሉ ሴቶችን ጤነኛ ኦቫሪ ቆርጦ ማውጣት ጀመረ። ቀዶ ጥገናው በስሙ ተጠርቶ አውሮፓ ድረስ ዘለቀ፤ ከአልጋው ሳይነሱ የቀሩም ነበሩ። ወንዱን ሲያመው ልቡ፣ ሴቷን ሲያማት ማሕፀኗ መሆኑ ነው።

ነገሩን የለወጠው ኒው ዮርክ የሚገኘው የሂልሳይድ ሆስፒታል ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ዶናልድ ክላይን የተባለ ወጣት ሐኪም ኢሚፕራሚን የተሰኘውን አዲስ መድኃኒት ለጭንቀት ሕሙማን ይሰጣል። ከሳምንታት በኋላ ቢጠየቁ ለውጥ የለም ይላሉ። ነርሶቹ ግን ሌላ ነገር አስተውለዋል፦ በየቀኑ «ልሞት ነው» እያሉ ወደ ነርሶቹ ክፍል የሚሮጡት ሰዎች መሮጡን ትተዋል። ጭንቀቱ አለ፣ ድንገተኛው ፍርሃት የለም። ክላይን ሁለቱ የተለያዩ ናቸው አለ። በ1980 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያም ፓኒክን ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ መዘገበው።

መስፈርቱ ስለ ወር አበባም ስለ ወሊድም አያነሳም። ከዚያ ሁሉ ስም ማጥፋት በኋላ ይህ እፎይታ ነበር፤ ለእኔ ግን ሌላ ጥፋት ይታየኛል፤ ማሕፀን ነጻ ሲወጣ ሴቲቱን ስለ ወሊዷ መጠየቅም አብሮ ቀረ።

የወሊድን ጥያቄ ወደ መድረኩ የመለሰው ራሱ ክላይን ነው። በ1993 ባቀረበው መላምት አንጎል ውስጥ አየር ማጠርን የሚጠባበቅ ማንቂያ ደወል አለ፤ ፓኒክ ደወሉ በሐሰት ሲጮኽ ነው። ደወሉን ከሚቀሰቅሱት አንዱ በደም ውስጥ የሚጨምር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ነፍሰ ጡር ላይ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን አተነፋፈስን ስለሚያበረታ የጋዙ ግፊት ከ40 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ወደ 30 አካባቢ ይወርዳል። ከወሊድ በኋላ ሆርሞኑ በቀናት ውስጥ ያሽቆለቁላል፤ ጋዙም ወደ ቦታው ይመለሳል። የወር አበባ ሊመጣ ሲልም ሆርሞኑ ይወርዳል።

መላምቱ ዛሬም ያከራክራል። በእርግዝና ጊዜ ፋታ የሚያገኙ አሉ፣ የሚብስባቸውም አሉ። በአራስነት ወራት ማገርሸቱ፣ አንዳንዴም ለመጀመሪያ ጊዜ መከሰቱ ግን በተደጋጋሚ ታይቷል።

ስለዚህ «ከወለድኩ ወዲህ ነው» የምትል እናት «አራስነት ነው፣ ያልፋል» ተብላ አትሸኝ። ከወሊድ በኋላ የታይሮይድ ዕጢ ሊታወክ ይችላል፤ የደም ማነስም ልብ ያስመታል። ሁለቱንም የደም ምርመራ ይለያቸዋል። ከሁለቱ ነጻ ከሆነች ደግሞ ፓኒክ በንግግር ሕክምናም በመድኃኒትም ይታከማል፤ የምታጠባ ከሆነ መድኃኒቱ ከሐኪሟ ጋር ተመክሮበት ይመረጣል።