የትብብር ሥልጠና

የትብብር ሥልጠና በኢትዮጵያ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ሠልጣኙ ኮሌጅና የሥራ ቦታ እየተመላለሰ ሙያ የሚለምድበት አሠራር ነው። ተማሪዎች “አፓረንትሺፕ መውጣት” ይሉታል። መመሪያው ከሥልጠናው 70 በመቶው በድርጅት፣ 30 በመቶው በኮሌጅ እንዲሰጥ ያልማል።

አሠራሩ በ2000 ዓ.ም. በወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ጎልቶ ወጣ። ስትራቴጂው ሥልጠናን በሙያ ደረጃ ለክቶ ከ1 እስከ 5 ከፈለው። ሐሳቡ ከጀርመን ጥምር ሥልጠና ብዙ ወስዷል፤ ሆኖም ጀርመን ውስጥ ሠልጣኙን ተቀብሎ ውል የሚፈርመውና ደመወዝ የሚከፍለው ድርጅቱ ራሱ ሲሆን፣ እዚህ ቦታ ለማግኘት በር የሚያንኳኳው ኮሌጁ፣ አንዳንዴም ሠልጣኙ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ጋራዥ የተመደበ የአውቶ ሠልጣኝ የመጀመሪያ ሳምንታቱን ቁልፍ በማቀበልና የተፈታ ዕቃ በናፍጣ በማጠብ ያሳልፋል። የደንበኛ መኪና ፍሬን ሸራ የሚያስነካው ዋናው መካኒክ ሲያምነው ነው። የሠራው በሎግ ቡክ ይመዘገባል፤ የድርጅቱ አሠልጣኝ በየጊዜው ሊፈርምበት ይገባል። የሦስት ወር ፊርማ በአንድ እስክሪብቶ፣ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ተጠናቅቆ ሲመጣ ግን ሠልጣኙ ምን እንደሠራ ደብተሩ አይናገርም። ባለ ጋራዡንም መውቀስ ይከብዳል። የሚበላሸው ብሎን፣ የሚባክነው የመካኒኩ ሰዓት፣ ጣት ቢቆረጥ የሚመጣው ጣጣ ሁሉ የእሱ ነው። ሠልጣኙ መሥራት ሲጀምር ደግሞ ጊዜው አልቆ ይሄዳል።

ሌላው ዕንቅፋት ሙያው የሚታይበት ዓይን ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በእጅ ሥራው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር፤ ንቀቱ ግን በአዋጅ አልጠፋም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ያመጣው አደረጃጀትም ሳያስበው አጠናከረው፤ በ10ኛ ክፍል ፈተና የተሻለ ያመጣው ወደ መሰናዶ፣ የቀረው ወደ ቴክኒክና ሙያ ሄደ። ወላጅም ኮሌጁን የወደቀ ልጅ ማረፊያ አድርጎ ቆጠረው። የ10ኛ ክፍል ፈተና ከቀረ በኋላ ማን ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሂድ የሚለው ጥያቄ ወደ 12ኛ ክፍል ተሸጋገረ፤ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት የተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥልጠናንና የሥራ ስምሪትን በአንድ ጣሪያ ሥር አኖረ።

ሥልጠናው ሲያልቅ የሙያ ብቃት ምዘና አለ፤ በተለምዶ “ሲኦሲ” የሚባለው። ኮሌጁ ራሱ ያሠለጠነውን ራሱ እንዳይመዝን ምዘናው ከኮሌጁ ውጭ ባለ ማዕከል ይሰጣል፤ የጽሑፍም የተግባርም ክፍል አለው። ኮሌጅ ያልገባ ሰውም መመዘን ይችላል። ብሎን በድምፁ የሚለይ የጋራዥ ልጅ ከሎግ ቡክ ባለቤቶቹ ጋር አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ በተግባሩ ይቀድማቸውና ጥያቄ ወረቀቱ ላይ ያመነታል።