የሚሟገት ጄኔራል፣ የሚሰማ ፕሬዚዳንት

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1938 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሹማምንታቸውንና የጦር መሪዎችን ዋይት ሐውስ ሰብስበው 10 ሺህ የጦር አውሮፕላን እንዲሠራ አሳሰቡ። አብራሪው፣ መካኒኩና እግረኛው ከየት እንደሚመጣ ግን አላነሡም። አብዛኛው ተሰብሳቢ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ተራው ሲደርሳቸው ምክትል ኤታማዦር ሹሙ ጆርጅ ማርሻል በሐሳቡ ፈጽሞ እንደማይስማሙ ፊት ለፊት ተናገሩ። ባልደረቦቻቸው የጄኔራሉ ነገር አበቃለት ብለው ተለያዩ። በቀጣዩ ዓመት አፕሪል ሩዝቬልት በማዕረግ የሚበልጧቸውን ሁሉ ዘለው ማርሻልን ኤታማዦር ሹም አድርገው መረጧቸው።

ሙግቱ በጦርነቱም አልቆመም። በ1942 ማርሻል ሰሜን አፍሪካ ላይ መዝመትን ተቃወሙ፤ ሩዝቬልት ግን ወሰኑ። ውሳኔው ከወጣ በኋላ ማርሻል ዘመቻውን በሙሉ ልብ አዘጋጁ፤ ጦሩም በዚያው ዓመት ኖቬምበር ሞሮኮና አልጄሪያ ላይ አረፈ።

የኮሪያው ጦርነት አዛዥ ዳግላስ ማክአርተር ሌላ መንገድ መረጡ። ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ጦርነቱ ከኮሪያ እንዳይወጣ ሲሹ፣ እሳቸው ወደ ቻይና እንዲሰፋ ፈለጉ። ቅሬታቸውንም በተወካዮች ምክር ቤት ለተቃዋሚው ፓርቲ መሪ ጻፉ። ደብዳቤው አፕሪል 5 ቀን 1951 በአደባባይ ተነበበ፤ በስድስተኛው ቀን ተሻሩ። ሽረቱን ከደገፉት አንዱ የያኔው መከላከያ ሚኒስትር ማርሻል ነበሩ። የእኛው የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ በቀጣዩ ወር ኮሪያ፣ ፑሳን ሲደርስ የተባበሩት መንግሥታትን ጦር የሚያዙት ተተኪው ማቲው ሪጅዌይ ነበሩ።

ሕዝቡ በትሩማን ላይ ተቆጣ። የሴኔት ኮሚቴዎች ግን ማክአርተርንም፣ ማርሻልንም፣ የጦር አዛዦቹንም እየጠሩ ለሳምንታት ጠየቁ። ጥያቄው ሲጠራ የትሩማን ውሳኔ ከአዛዦቹ ምክር ጋር የተስማማ መሆኑ ታወቀ።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ልማድ ሳይተከል የ1966 ዓ.ም. አብዮት ደረሰ። ከዚያም ወታደራዊው ደርግ ሥልጣኑን ጠቅልሎ ያዘ፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ከጄኔራሎች ጋር አብረው ተረሸኑ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል እንዲሆን፣ ሠራዊቱም ከፓርቲ ወገንተኝነት ነፃ ሆኖ እንዲሠራ የደነገገው ይህን ሁሉ ካየን በኋላ ነው።

አንቀጽ ማን እንደሚያዝ ይናገራል፤ አብሮ መሥራትን ግን አያስተምርም። አዛዥ የማያምንበትን በስብሰባው ውስጥ ይናገር፣ ከተወሰነ በኋላ ይፈጽም። ተመራጭም እውነቱን የነገረውን መኮንን አይቅጣ። የምክር ቤት አባላትም መከላከያን ለወታደር ብቻ ሳይተዉ አጥንተው ይጠይቁ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ወይ ጦሩ ይገዛል፣ ወይ መሪው በጭፍን ይዘምታል።