ቃሊቲ ያለ ሙሽራና የአልማዝ ቀለበት

እጮኛዋ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ያለ እህት «ቀለበት ሳናስር ኒካሕ ይሆንልናል?» ብላ ብትጠይቀን፣ መልሳችን ከዚሁ ከሀገራችን ታሪክ ይጀምራል። ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ) ሀበሻ ውስጥ ስደተኛ ሳሉ ባላቸው ሞተ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሆነው ለትዳር ጠየቋቸው፤ ሙሽራው በሌሉበት ኒካሑ በወኪል ታሰረ። 400 ዲናር መህሩን የከፈሉት ንጉሥ ነጃሺ ናቸው። ቀለበትስ? በሲራ ዘገባ የተጠቀሱት የብር ቀለበቶች የሙሽራዋ የራሳቸው ነበሩ። እነሱንም ብስራቱን ላመጣችላቸው አብረሃ ለምትባል የንጉሡ አገልጋይ አውልቀው ሰጧት።

አልማዙ ታዲያ ከየት መጣ? ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ1477 (እ.ኤ.አ) የኦስትሪያው ማክሲሚሊያን ለቡርገንዲዋ ሜሪ የሰጠው ቀለበት ነው። ያኔ አልማዝ በዋናነት የሚመጣው ከህንድ ነበር፤ በኋላ ስመ ጥር የሆነው የጎልኮንዳ ገበያም በሙስሊም ሱልጣኖች እጅ ነበር (ይህን ስንቶቻችን እናውቃለን?)። ከጥንቶቹ ድንጋዮች አንዳንዶቹ በእጅ ተሞርደው፣ እንደ ጽጌረዳ እምቡጥ ከላይ ጉብ፣ ከታች ጠፍጣፋ ይደረጉ ነበር። አልማዝን ከዘላለም ፍቅር ጋር አስተሳስሮ በዓለም ያሰራጨው ግን ዲ ቢርስ የተባለው ኩባንያ ማስታወቂያ ነው።

ለእህታችን የሚያስፈልጋት ወሊዋ፣ ሁለት ምስክሮችና የእጮኛዋ ወኪል ናቸው። መህሩንም ከተስማሙ እስኪፈታ ማቆየት ይችላሉ።