ወላይታና መንገደኞቿ፤ ስለ ምግብና ስለ ታሪክ ምስክርነት የቀረበ አጭር ጥናት

የወላይታን ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያገኘው ምስክር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሽማግሌዎች አፍ የሚነገረው የነገሥታት ዝርዝርና ትውፊት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሩቅ አገር የመጡ መንገደኞች ጽፈው ያስቀሩት መጽሐፍ ነው። ስለ ፊተኛው ብዙ ተብሏል። ስለ ኋለኛው ግን አንድ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይቀራል፤ ይኸውም መንገደኛው በአገሩ ምን ያህል ጊዜ ቆየ፣ ማንስ አበላው የሚለው ነው። በዚህ አጭር ጥናት ለማሳየት የምንሞክረው ይህ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ እንዳልሆነና፣ የመንገደኛው ቃል ክብደት በበላበት ማዕድ ጭምር ሊመዘን እንደሚገባው ነው።

ወላይታ በኦሞና በቢላቴ ወንዞች መካከል፣ ከአባያ ሐይቅ በስተ ሰሜን ምዕራብ ያለ፣ ሕዝቡ እጅግ ተጠጋግቶ የሚኖርበት አገር ነው። ዋና ከተማው ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ተቀምጧል። ከሶዶም ሆነ ከቢጠና ወጥቶ ወደ ገጠር የሚሄድ ሰው በየቤቱ ዙሪያ የሚያየው ሰፊ ቅጠል ያለው ተክል እንሰት ነው፤ በወላይትኛ ኡታ ይባላል። እንሰት ሙዝን ይመስላል፤ ነገር ግን ፍሬው አይበላም። የሚበላው ግንዱና ከመሬት በታች ያለው ሥሩ ነው። ለመድረስ እንደ አገሩ ቅዝቃዜና ሙቀት ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ያህል ይፈልጋል። ሲደርስ ግንዱ በቀርከሃ መፋቂያ ይፋቃል፣ ሥሩ ይከተከታል፣ ከዚያም በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በጉድጓድ ይቀበራል። በዚያም ለሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ለብዙ ወራት ተብላልቶ ቆጮ ይሆናል። ከሚጨመቀው ውሃ የሚዘቅጠው ነጩ ዱቄት ቡላ ነው፤ ሥሩ ተቀቅሎ ሲበላ አሚቾ ይባላል፤ የሚቀረው ጭረትም ቃጫ ሆኖ ለገመድ ያገለግላል። ይህ ሁሉ የሴቶች ሥራ ነው፤ የሚሠራውም በጓሮ እንጂ በመንገድ ዳር አይደለም።

ይህን ያህል ያተትነው ያለ ምክንያት አይደለም። የሕዝቡ ሕይወት የቆመበት ምግብ በጓሮ የሚሠራና በመሬት ውስጥ የሚቀበር ከሆነ፣ በመንገድ ላይ ለሚያልፍ እንግዳ እንዴት ይታየዋል?

ስለ እንሰት የጻፉት የጥንት መንገደኞች ጥቂቶች አይደሉም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1613 ዓ.ም. አባ አንቶኒዮ ፈርናንዴዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ካህን፣ በዐፄ ሱስንዮስ ፈቃድ፣ በየብስ ወደ ህንድ ውቅያኖስ የሚወስድ መንገድ ለማግኘት ከጎጃም ተነሥቶ በእናርያና በጃንጀሮ በኩል የወላይታ ጎረቤት ወደ ሆነው ወደ ከምባታ ደረሰ፤ ከአላባ በኋላ ግን ጉዞው ተሰናክሎ ተመለሰ። ከእርሱ በኋላ በአገራችን የነበረው ጄሮኒሞ ሎቦ እንሰትን በመጽሐፉ ሲገልጽ የድሆች ዛፍ፣ ረሃብን የሚከላከል ዛፍ መባሉን አስታውሷል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ተክሉን በሥዕል ጭምር ለአውሮፓ ሊቃውንት አስተዋወቀ። ይሁን እንጂ ብሩስ የኖረው በጎንደርና በጣና አካባቢ ነበር፤ እንሰት ዋና ምግብ የሆነበትን የደቡቡን አገር አላየውም። ስለዚህ በሳይንስ መጻሕፍት ተክሉ ሲገባ፣ ተክሉን የሚያለማው ሕዝብ ከውጭ ቀረ ማለት ይቻላል።

ስለ ወላይታ ራሷ ዓይቶ የጻፈ ሰው ስንፈልግ የምናገኘው ፈረንሳዊውን ቫንደርሃይምን ነው። ይህ ሰው የአንድ የንግድ ማኅበር ወኪል ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ በ1887 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ በወላይታ ላይ ባደረጉት ዘመቻ አብሮ ተጓዘ፤ ያየውንም በ1896 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፓሪስ ላይ አሳተመ። በዚያ ዘመቻ ብዙ ሕዝብ አለቀ፣ የመጨረሻው የወላይታ ንጉሥ ካዎ ጦና ጋጋም ቆስለው ተማረኩ። የቫንደርሃይም ምስክርነት ከፍ ያለ ዋጋ አለው፤ የጦርነቱን መራራነት አልሸሸገምና። ነገር ግን የበላው ከሠራዊቱ ስንቅ፣ ያደረውም በሠራዊቱ ድንኳን ነበር። የተነዳውን የከብት ብዛት አየ፤ ከብቱ ለወላይታ ገበሬ ምን እንደ ነበረ ግን ከሠፈሩ ሆኖ ሊያውቅ አይችልም።

በዚህ ላይ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። ዘመቻው የተደረገው ከክፉ ቀን፣ ማለት የከብት እልቂቱ አብዛኛውን የአገራችንን ከብት ካጠፋበትና ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከቆየው ረሃብ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ ከብት በሠራዊቱ ዘንድ ብርቅ ምርኮ ነበር። በወላይታ በኩል ሲታይ ግን ከብት ወተትና ሥጋ ብቻ አይደለም፤ እንሰት የሚለመልመው በከብት ፍግ ነው። ከብቱ የተነዳበት ቤት በዚያው ዓመት ወተት አጣ፤ ከዓመታት በኋላም የጓሮው እንሰት ሳይሳሳ አልቀረም ብለን እንገምታለን። ይህ ሁለተኛው ጉዳት በማንኛውም የዘመቻ ማስታወሻ ሊገኝ አይችልም፤ ምክንያቱም የሚታየው ሠራዊቱና መንገደኛው ከሄዱ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ምስክር እንግሊዛዊው ሻምበል ዌልቢ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1899 ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ ሲጓዝ በወላይታ አለፈ፤ መጽሐፉም እርሱ በደቡብ አፍሪካ ጦርነት ከሞተ በኋላ በ1901 ታተመ። ዌልቢ በወላይታ ምድር የአገሩ ሰው እያየ የበላ እንግዳ ሰይጣን ይገባበታል የሚለውን ወሬ ከጓዘኞቹ ሰምቶ፣ ከሰዎቹም የታመሙ እንደ ነበሩ ጽፏል። አንባቢው ይህን ሲያነብ ወላይታን የአስማት አገር አድርጎ ሊያስብ ይችላል። እኛ ግን ነገሩን በሌላ መንገድ እናየዋለን። ዘመቻው ካለፈ ገና አምስት ዓመት አልሞላም ነበር። የተወረረውን ሕዝብ ዓይን የሚፈራው ማን ነው? ወሬው የሚነግረን ስለ ወላይታ ሰው ባሕርይ ሳይሆን፣ በእርሱ ምድር ላይ ስንቁን ሸሽጎ ስለሚበላው እንግዳ ፍርሃት ነው። በአንድ ገበታ ያልተቀመጡ ሰዎች አንዱ ስለ ሌላው የሚያወሩት ይህንኑ ነው።

ከእነዚህ የሚለዩት ደግሞ ቆይተው የኖሩት ናቸው። በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሶዶ የገቡት ሚሲዮናውያን በኢጣልያ ወረራ ምክንያት እስከ ወጡበት እስከ 1937 ድረስ ቋንቋውን ተምረው በቋንቋው ጽፈዋል። ጀርመናዊው አይከ ሀበርላንድ በ1965 ባሳተመው ስለ ኢትዮጵያ ንግሥና በሚናገረው ጥናቱ ለወላይታ ነገሥታት ቦታ ሰጥቷል። የአገራችን ሊቅ ደሳለኝ ራህመቶ ደግሞ በ1995 ባወጡት ጽሑፍ የእንሰት እርሻ ያለውን ጽናትና የተጋረጠበትን አደጋ መርምረዋል። እነዚህ ሁሉ በሐሳብ ይለያያሉ፤ ነገር ግን በመቆየታቸው የተነሣ የጻፉት ከሠፈር የታየ አገር አይደለም።

እኛም በዚሁ መለኪያ ራሳችንን መመዘን ግዴታችን ነው። በቢጠና አካባቢ በአንድ ገበሬ ቤት በእንግድነት ተቀብለውን ነበር። እናቲቱ ከልጃቸው ሚስት ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው እንሰት ሲፍቁ አገኘናቸው። ደብተራችንን አውጥተን፣ «እማማ፣ ጉድጓድ ውስጥ ስንት ጊዜ ይቆያል?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም በአስተርጓሚ፣ «እናንተስ ስንት ጊዜ ትቆያላችሁ?» ብለው መለሱልን። ነገ እንመለሳለን ስንላቸው ሳቁና፣ «እንግዲያው ሲከፈት አታዩትም» አሉን። የቀረበልን ቆጮ እኛ ከመምጣታችን ብዙ አስቀድሞ የተቀበረ ነበር። ሲፋቅ ያየነውንና የበላነውን አንድ አድርገን ልንጽፍ ተቃርበን እንደ ነበር ሳንሸሽግ እንናገራለን።

ይህ ስሕተት ዛሬም በብዙ መልክ ይደጋገማል። ወደ ሶዶ የሚመጣ እንግዳ የሚጋበዘው ጥሬ ሥጋ በዳጣ ነው። ዳጣ ከቃሪያ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከሌላም ቅመም የሚዘጋጅ የታወቀ ማባያ ነው፤ ጣዕሙም የሚረሳ አይደለም። በመስከረም በሚውለው በጊፋታ በዓል ወንዶች ዓመቱን ሙሉ ባጠራቀሙት ገንዘብ በሬ ገዝተው ይከፋፈላሉ፤ ሴቶችም ባጠራቀሙት ቅቤ ገበታው ይደምቃል። እንግዳው ይህን አይቶ የወላይታ ምግብ ሥጋ ነው ብሎ ይሄዳል። እርግጥ ነው፣ የበዓሉ ቀን የሥጋ ነው፤ የቀሩት ብዙ ቀኖች ግን የእንሰት፣ የቦይና፣ የስኳር ድንችና የበቆሎ ናቸው። በበዓል ቀን ብቻ የሚመጣ መንገደኛ የሕዝቡን ደስታ ያውቃል፤ ችግሩን ግን አያውቅም።

ችግሩም አለ። በ1977 ዓ.ም. በአገራችን የደረሰው ረሃብ፣ በርቀት ሲታይ አረንጓዴ የሆነውን ወላይታንም አላለፈውም። እንሰትን የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ በ1968 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሳይንስ ተለይቶ ከታወቀ ወዲህ ብዙ ጓሮ አጥፍቷል። መሬቱ ለልጆች ሲከፋፈል ግጦሽ ያንሳል፤ ግጦሽ ሲያንስ ከብት ያንሳል፤ ከብት ሲያንስ እንሰቱ ፍግ ያጣል። በአረካ ያለው የእርሻ ምርምር ማዕከል የእንሰት ዓይነቶችን ሰብስቦ ያለማል። ነገር ግን የትኛው ዓይነት ለአሚቾ፣ የትኛው ለቆጮ፣ የትኛው ለበሽተኛ እንደሚሰጥ የሚያውቁት የየቤቱ እናቶች ናቸው። ያ እውቀት እስከ ዛሬ በአብዛኛው አልተጻፈም፤ ባለቤቶቹም እያረጁ ነው።

ስለዚህ የምንደርስበት መደምደሚያ አጭር ነው። የመንገደኞችን መጻሕፍት እናንብብ፤ ስናነብ ግን ጸሐፊው የት እንደ በላ እንጠይቅ። ከዚህም አልፎ፣ የአገራችን ተማሪ የአንድ ቀን እንግዳ መሆኑን ትቶ፣ እንሰቱ ሲፋቅ ደርሶ ጉድጓዱ እስኪከፈት የሚቆይበት የጥናት ጉዞ እንዲደራጅለት እናሳስባለን። እኛም ለእናቲቱ ሲከፈት ለማየት እንመለሳለን ብለን ቃል ገብተናል።