አንድሮጅን

አንድሮጅን የሚለው ስም ከጽርእ ቋንቋ የተገኘ ሲሆን ምስጢሩም «ወንድን የሚያስገኝ» እንደ ማለት ነው፤ ነገር ግን ስሙ ከግብሩ ይጠብባል፤ ይህ ሆርሞን በሴቶችም ሰውነት ከእንቁላል ዕጢዎችና ከኩላሊት በላይ ከተቀመጡት ከአድሬናል ዕጢዎች በመጠኑ የሚመነጭ፣ ባሕርያዊ እንጂ ባዕድ አይደለምና።

መጠኑን ሲያልፍ ግን በአገጭና በደረት ጠጉር ይበቅላል፣ ብጉር ይበረታል፣ የወር አበባም ሥርዐቱን ይስታል። ለዚህ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሕመም ቢሆንም፣ በአንዳንድ ሴቶች ዘንድ ከአባትም ከእናትም በተወረሰ ጉድለት 21-ሃይድሮክሲሌዝ የተባለው ኢንዛይም ስለሚደክም፣ ወደ ኮርቲሶል ሊለወጥ የሚገባው ንጥረ ነገር፣ ቦዩ እንደ ተደፈነበት ውሃ፣ ፊቱን መልሶ ወደ አንድሮጅን ይፈስሳል።

ሁለቱ ደዌያት በገጽ ስለሚመሳሰሉ ዓይን ብቻውን አይለያቸውም፤ ስለዚህ ሐኪሙ የወር አበባ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ በማለዳ ደም ወስዶ 17-ሃይድሮክሲፕሮጄስትሮን የተባለውን ይህንኑ ያልተለወጠ ንጥረ ነገር ይለካል። በአንድ ሚሊ ሊትር ከ2 ናኖግራም በላይ ቢያገኝ አድሬናል ዕጢውን በኮሲንትሮፒን መርፌ አነቃቅቶ ከ60 ደቂቃ በኋላ ዳግመኛ ይመረምራል፤ ልኩ ያን ጊዜ ከ10 ናኖግራም ቢያልፍ፣ በተለመደው መስፈርት፣ የውርስ ደዌ መሆኑ ይታወቃል። ውጤቱ አጠራጣሪ ሲሆን በ6ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለው ዘረመል ይመረመራል።

ይህን መለየት ለስም ብቻ አይደለም፤ ልጅ ለመውለድ የምታስብ ሴት የባሏም ዘረመል ቢመረመር፣ ጽኑው የደዌው ዓይነት ለሚወለደው ሕፃን የሚተርፍ መሆን አለመሆኑን አስቀድማ ልትረዳ ትችላለችና።