በምግባር የተሰበሰቡ፦ ከወሎ ቅሬ እስከ አውራ አምባ

ሐራ፣ መርሳና ወልድያ በሚገኙበት የሰሜን ወሎ አገር ሰው ሲሞት አስቀድሞ የሚጠራው ቅሬው ነው። ቅሬ በሌላው አገር እድር ከሚባለው ማኅበር ጋር ቢመሳሰልም ሥራው ሰፋ ያለ ነው፤ ቀብር ያስፈጽማል፣ ሐዘንተኛ ያጽናናል፣ ጠበኛ ያስታርቃል፣ አጥፊውንም ይቀጣል። በብዙ ስፍራ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቅሬ ስለሚታቀፉ መቃብር ለመቆፈር የወጣው ጎረቤት የሟቹን ሃይማኖት ምክንያት አድርጎ ወደ ኋላ አይልም። ከቅጣቶች ሁሉ የሚከብደውም ከቅሬ መባረር ነው፤ የተባረረ ሰው ሬሳውን የሚያነሣለት አያገኝምና።

ይሁን እንጂ ቅሬ የሚጠይቀው ጎረቤትነትን ነው። የቤት ውስጥ ሥራ በባልና በሚስት መካከል እንዴት ይከፈላል፣ እያንዳንዱስ ምን ያምናል የሚለውን ለባለቤቱ ይተዋል። ምግባርን ራሱን የአባልነት መሠረት ያደረገ ማኅበረሰብ ለማየት ያው የወልድያ መንገድ ወደ ምዕራብ ይወስዳል። በቻይና መሐንዲሶች የተሠራው ይህ መንገድ ጋሸናን፣ ንፋስ መውጫንና ደብረ ታቦርን አልፎ ወረታ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ከዳር ገባ ብሎ በፎገራ ወረዳ አውራ አምባ ትገኛለች።

መሥራቹ አቶ ዙምራ ኑሩ በ1930ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከሙስሊም ገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ፤ የትምህርት ቤት ደጃፍም አልረገጡም። እርሳቸው ደጋግመው እንደተናገሩት፣ በልጅነታቸው የከነከናቸው ነገር የእናታቸው ድካም ነበር። እናት ቀኑን ከባላቸው ጋር በእርሻ ውለው ማታ መፍጨቱም፣ መጋገሩም፣ የባል እግር ማጠቡም በእርሳቸው ላይ ብቻ ይወድቅ ነበር። አባት ሲያርፉ እናት የማያርፉት ስለምንድን ነው? ሁለቱ የአንድ ፈጣሪ ፍጡሮች ከሆኑስ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑም የሙስሊሙን ሥጋ የማይበላው ስለምን ነው? ቤተሰቡ እነዚህን ጥያቄዎች የአእምሮ ሕመም አድርጎ ቆጠራቸው። ዙምራም ከቤት ወጥተው የሚሰማቸው ሰው ፍለጋ ብዙ ዞሩ። በ1964 ዓ. ም. ጥቂት ተከታዮች አግኝተው ማኅበረሰቡን መሠረቱ።

በአውራ አምባ ሴት ታርሳለች፤ ወንድ ይፈትላል፣ እንጀራም ይጋግራል። ሥራ የሚከፈለው በችሎታ እንጂ በፆታ አይደለም። ሌብነት፣ ሐሰትና ስድብ ነውር ናቸው፤ ጋብቻ ያለ ጥሎሽና ያለ ድግስ ይፈጸማል። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የለም። ይህን ያዩ አንዳንድ ጸሐፊዎች መንደሯን እምነት የለሽ ብለዋታል፤ ስሕተት ነው። ነዋሪዎቹ አንድ ፈጣሪ መኖሩን ያምናሉ፤ የሚለዩት አምልኮን በሕንፃና በበዓል ሳይሆን በመልካም ሥራ መግለጻቸው ነው።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሐሳብ በውጭው ዓለምም ተነሥቶ ነበር። ፊሊክስ አድለር በ1876 እ. ኤ. አ. በኒው ዮርክ ያቋቋመው የሥነ ምግባር ማኅበር የእምነት ቀኖናን ለየግል ትቶ ሰዎችን በምግባር ለመሰብሰብ ተነሣ፤ በ1878ም ለሠራተኞች ልጆች ነፃ የሕፃናት ትምህርት ቤት ከፈተ። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። የኒው ዮርክ ሰው ስብሰባው ሲያበቃ ወደየራሱ ቤትና ኑሮ ይመለሳል። የአውራ አምባ ሰው ግን ማረሻው፣ መሸመኛውና ጎረቤቱ ሁሉ በዚያው ማኅበረሰብ ውስጥ ናቸው፤ አባልነቱን ለሰዓታት አውልቆ የሚያስቀምጥበት ስፍራ የለውም።

ዋጋውም በዚያው ልክ ከባድ ሆነ። የአካባቢው ሰው በአድራጎታቸው አጥብቆ ተቆጣ። በደርግ ዘመን ደግሞ የተቃዋሚ ደጋፊዎች ናችሁ ተብለው ስለ ተወነጀሉ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቀያቸውን ጥለው ወደ ደቡብ፣ ወደ ቦንጋ አካባቢ ተሰደዱ። በስደት ሳሉ በበሽታና በችግር ያለቁ አሉ። በ1985 ዓ. ም. ሲመለሱ ያርሱት የነበረውን መሬት ሌሎች ይዘውት አገኙ፤ የቀረላቸው 17.5 ሄክታር ያህል ብቻ ነበር። ይህ ለብዙ አፍ የሚበቃ አልነበረምና ወደ ሽመናና ወደ ንግድ ዞሩ፤ ዛሬ አውራ አምባ የምትታወቅበት የሸማ ሥራ ከምርጫ ይልቅ ከመሬት እጦት የተወለደ ነው ማለት ይቻላል። በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ዓመታዊው ትርፍ ለአባላት በእኩል ይካፈላል፤ በሳምንት አንድ ቀን የሚሠራው ሥራም ገቢው ለአቅመ ደካሞችና ለችግረኞች ይውላል።

ከወሎው ቅሬ ጋር በእጅጉ የሚለያዩት በሞት ጊዜ ነው። ቅሬ ለቀብር ሥራውን ሁሉ ጥሎ ይወጣል፤ ለሐዘንተኛውም ቀናት ይሰጣል። በአውራ አምባ ሟቹን ጥቂት ሰዎች ይቀብሩታል፤ ሌላው በሥራው ላይ ይቆያል፤ ለቅሶና ተዝካር የለም። ሰው መረዳት ያለበት በሕይወት ሳለ ነው ይላሉ። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን በመንደሪቱ ውስጥ የራሳቸው ቤት አላቸው፤ አባላቱም ተራ ገብተው ያጥቧቸዋል፣ ይመግቧቸዋል።