የሐረር ባህላዊ ቤት፦ አሠራሩና የእንግዳ ማረፊያነቱ

ጥንታዊቷ ሐረር በጀጎል ግንብ የታቀፈች፣ 48 ሄክታር ያህል ስፋት ያላት ከተማ ናት። ግንቡ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከነበሩት ከአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ስም ጋር ተያይዞ ይነሣል። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ይህች ከተማ በመስጊዶቿና በአምስቱ ነባር በሮቿ ብቻ ሳይሆን በመኖሪያ ቤቶቿም ትታወቃለች። ከነባር ቤቶቹ አንዳንዶቹ ዛሬ ቡናና ሻይ የሚቀርብባቸው፣ መንገደኛም የሚያድርባቸው የእንግዳ ማረፊያዎች ሆነዋል።

በሐረሪ ቋንቋ «ጌ ጋር» የሚባለው ባህላዊ ቤት ውበቱን ለመንገደኛ አያሳይም። ከጠባቡ መንገድ የሚታየው ከፍ ያለ የድንጋይ አጥርና የእንጨት በር ብቻ ነው። በሩ ወደ ግቢ ያስገባል፤ ቤቱ ፊቱን የሚሰጠው ለግቢው ነው። ግድግዳው በጭቃ ከተያያዘ ድንጋይ የተሠራ ወፍራም ግድግዳ በመሆኑ የቀኑን ሙቀትና የሌሊቱን ቅዝቃዜ ይከላከላል። ጣሪያው ጠፍጣፋ ሲሆን፣ በተደረደሩ እንጨቶች ላይ አፈር ተደልድሎ ይሠራል።

የቤቱ ዋና ክፍል «ጊድር ጋር» ይባላል። በውስጡ «ነደባ» የሚባሉ፣ ከፍታቸው የተለያየ አምስት መደቦች አሉ። «አሚር ነደባ» የቤቱ አባወራ መቀመጫ ሲሆን፣ ሌሎቹ እንደ ዕድሜና እንደ ክብር ይደለደላሉ። ወለሉና መደቦቹ በቀይ አፈር ይቀባሉ። በነጭ ኖራ በተለሰነው ግድግዳ ውስጥ ለመጻሕፍትና ለዕቃ ማስቀመጫ የሚሆኑ ጉድጓድ መደርደሪያዎች ይገኛሉ፤ በላዩም ሴቶች የሰፏቸው ስፌቶች ይሰቀላሉ። ከዋናው ክፍል ጎን ያለችው ትንሽ ክፍል «ኪርታት» ትባላለች፤ አዲስ ሙሽሮች የጫጉላ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉባት ናት።

ይህ አሠራር ለእንግዳ ማረፊያነት ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዳው ጫማውን አውልቆ ነደባው ላይ ይቀመጣል፤ ቡና ወይም ከቡና ቅጠል የሚፈላው «ቁጢ» ይቀርብለታል። ለመኝታም በእንጨት ደረጃ የሚወጣበት ፎቅ ያገለግላል። በዚህም ቤተሰቡ ቤቱን ሳይሸጥ፣ የኖረበትን ሥርዓትም ሳይለቅ ገቢ ያገኛል።

ይሁን እንጂ እንግዳው የሚፈልጋቸው ነገሮች ለቤቱ ፈተና ይሆናሉ። የመታጠቢያ ቤት ውኃ በአግባቡ ካልተወገደ የጭቃውን ማያያዣ ያረጥባል፤ ድንጋዩም መያዣ ያጣል። የተሰነጠቀ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን ለጊዜው የጠነከረ ቢመስልም፣ ሲሚንቶ እርጥበትን እንደ ጭቃና እንደ ኖራ ስለማያስወጣ ጉዳቱ ከውስጥ ይቀጥላል። የአፈር ጣሪያም ክረምት ከመግባቱ በፊት በየዓመቱ መጠገን ይኖርበታል። ይህን ድካም ለመሸሽ በቆርቆሮ የሚተካው ቤት ጥንታዊ መልኩን ያጣል።

ስለዚህ መታጠቢያ ቤቱን ከዋናው ግድግዳ አርቆ በግቢው ውስጥ መሥራት፣ ለጥገናም ጭቃ፣ ኖራና እንጨት መጠቀም የተሻለ ነው። እንግዳው የሚከፍለው አልጋ ስላገኘ ብቻ አይደለም፤ ነደባውን፣ ቀዩን ወለልና ስፌቶቹን ለማየት ጭምር ነው። እነዚህ ከጠፉ ቤቱ እንደ ማንኛውም የማደሪያ ክፍል ይሆናል፤ ገቢውም አብሮ ይደርቃል።